ታሪኩ መሐል ላይ የሚስቡት ወጌሻ

በእኔና በጋሽ ወንድይራድ ቤት መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ማዶ ሰው ሲጮህ እየሰማሁ ኖሬአለሁ። ባለፈው ክረምት ሕመማቸው ሲጠና ልጃቸው አስኮ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸውና ግድግዳው ዝም አለ። ዝምታውን አልለመድኩትም። አንድ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ሲተክሉ አየሁ። ማንንም አልጠየቅሁም፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ።

ወጌሻ ነበሩ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ እጁ የወለቀ፣ እግሩ የዞረ፣ ትከሻው የወረደ ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነበር። ልቅሶው ላይ ወንዶቹ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ አንዱ ለሌላው ክንዱን ያሳይ ነበር።

«ይቺን እሳቸው ናቸው የመለሷት።»

«የኔን ትከሻ ሁለት ጊዜ።»

«እኔን አራት ጊዜ።»

«አንተማ ደንበኛ ነበርክ!»

ከወንዶቹ ጀርባ ሰፈሩ የማያውቃቸው ወጣቶች ቆመው ነበር። ምንም ያልተሰበሩ፣ ስልክ የያዙ፣ የት እንደሚቀመጡ የጠፋቸው። እድርተኞቹ የማን ዘመድ እንደሆኑ ጠየቋቸው። አንዷ «አንባቢዎቻቸው ነን» አለች። እድርተኞቹ ግራ ገባቸው። እኔ ግን አውቄ ነበር፤ ቦታ ለቅቄ አስቀመጥኳቸው።

ጋሽ ወንድይራድ ሥራውን የተማሩት ከአባታቸው ነው። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ የወጣ ሰው ከመጣ አይነኩትም። «ይሄ የኔ አይደለም፣ ሆስፒታል» ብለው ራሳቸው ታክሲ ይጠራሉ። የእሳቸው የሆነውን ደግሞ ለብ ባለ ቅቤ እያሹ ያስወሩታል።

«ንገረኝ እስቲ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?»

እንደ ጸብ ሰውን የሚያስወራ ነገር የለም። የመጣው ሁሉ በመጀመሪያ «ወድቄ ነው» ይላል። እሳቸው ማሸት አያቆሙም። ትንሽ ቆይቶ ወንድሙ ይሆናል፣ አከራዩ ይሆናል፣ ባሏ ይሆናል። ሲያወራ ይግላል፣ ሲግል እጁን ይረሳዋል። «ከዚያ ድንጋዩን አነሳና…» ሲል ይስባሉ። ጩኸቱ ግድግዳዬን ያንቀጠቅጠዋል። ከዚያ የእሳቸው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፦ «ገባ።»

የታሪኩን መጨረሻ ጠይቀው አያውቁም። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኳቸው።

«ሕመሙ ካለፈ በኋላ የሚወራው ውሸት ይቀላቀልበታል» አሉኝ። «እየታመመ የተናገረውን ብቻ ነው የማምነው።»

የሚጽፉበትን ብሎግ የከፈተችላቸው ሰናይት ናት። ማዞሪያው ጋ ጽሑፍና ፎቶኮፒ ቤት አላት። የእጇን አንጓ ሲያሹላት ወሬ አልቆባት ነበርና እሳቸው ያወሯት ጀመር። የሰሙትን ሁሉ ነገሯት። እጇ ሲድን ስልካቸውን ተቀብላ «ይሄ መጻፍ አለበት» አለችና አሳየቻቸው። ስሙን «እስኪገባ ድረስ» አሉት።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ይጽፉ ነበር። መጀመሪያ እጃቸውን በሎሚና በሳሙና ይታጠባሉ፤ ቅቤው ስልኩን እንቢ ያሰኘዋል። ከዚያ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል። ሕግ ነበራቸው። ስም አይጻፍም። ሰፈር አይጻፍም። የለበሰው ልብስ ቀለም ይቀየራል። «የዛሬውን ሰማያዊ ሹራብ አረንጓዴ አድርጌዋለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ» ይሉኝ ነበር። ሰውየው እንደተናገረ ይጻፋል። ታሪኩ የሚያበቃው እሳቸው የሳቡበት ቦታ ላይ ነው። የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ «ገባ» ነው።

አንባቢዎቹ አበዱ። «ጋሼ፣ በድንጋዩ መታው ወይስ አልመታውም?» ብለው ይጽፋሉ። «አላውቅም፤ እጁ ግን ድኗል» ብለው ይመልሳሉ። አንዳንዱ ከጦር ኃይሎች ድረስ እየመጣ የራሱን ታሪክ መጨረሻ ሊነግራቸው ይፈልጋል። «የተሰበረ ነገር አለህ?» ይሉታል። «የለም ጋሼ፣ ድኛለሁ።» «እንግዲያው ውሃ ጠጣና ሂድ።»

አንድ አባት ግን ጽሑፋቸውን ከሁለት የማይነጋገሩ ልጆቹ ጋር እንዳነበበና ልጆቹ ሳያስቡት አብረው እንደሳቁ ጽፎላቸው ነበር። ያን ቀን ስልኩን ይዘው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። «ደመወዜ መጣ» አሉኝ።

እኔም አነብ ነበር። ቀን በግድግዳው የሰማሁትን ጩኸት ማታ በጽሑፍ አገኘዋለሁ። ያ ሰው እንደዳነ ሳነብ ስሜን ሳልጽፍ ከሥሩ አንድ ቃል አስቀምጣለሁ፦ ተመስገን። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ማን እንደሆንኩ የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ማታ ያነበብኩት ይህን ነው።

«እኔ ታክሲው ደጃፍ ላይ ነበርኩ። ተራ አስከባሪው ቀይ ሹራብ ለብሷል። ተራ ሰርቃችኋል፣ ውረድ አለኝ። አልወርድም አልኩት። ማተቡን ከአንገቱ አወጣ፤ ሳም አደረገና ኪሱ ከተተው። ሊታረቀኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ፌሮውን… ገባ።»

ከሥሩ ብዙ ሰው ስቆበታል። እኔ ተቀመጥኩ።

ልጄ ብሩክ ማዞሪያው ላይ ተራ አስከባሪ ነው። ሹራቡ ጥቁር ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ የጎረቤት ልጅ አፍንጫ አድምቶ መጣና ጆሮውን ይዤ ተቆጣሁት። «ማተብ አንገትህ ላይ እያለ ሰው አትምታ!» አልኩት። ልጁ ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ሊማታ ሲል ማተቡን ያወልቃል ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ከጎረቤቴ ብሎግ ላይ ነው። አባቱ የለም፤ ያሳደግኩት ብቻዬን ነው። ማን እንዳስተማረው ሌላ የምጠይቀው ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት የጋሽ ወንድይራድን በር አንኳኳሁ።

«ምነው አስካለ፣ ምንሽ ወለቀ?» አሉኝ። ለሁሉም ሰው ሰላምታቸው ይህ ነበር።

«የማተቡን ነገር ያጥፉልኝ።»

አዩኝ። ፈገግታቸው ጠፋ።

«የኛ ብሩክ ነው?»

አንገቴን ነቀነቅሁ።

«ሹራቡን ቀይሬ ነበር እኮ» አሉ። ስልካቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ሁሉ ዳበሱ። «ሹራቡን ቀየርኩና ሰውየውን ተውኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እዚያው ፊቴ አጠፉት። ግን ቀድሞ ተሰራጭቷል። ማዞሪያው ላይ ያሉት ረዳቶች የጽሑፉን ፎቶ አንስተው ተቀባብለውታል። ብሩክን ባዩት ቁጥር ከታክሲው በር ላይ ተንጠልጥለው የራሳቸውን ማተብ ያወጣሉ፣ ይስማሉ፣ ይጮሃሉ።

«ልሳመው ወይስ ልምታህ?»

«ኧረ ማተብህን አጥልቅ፣ ብርድ ይመታሃል!»

ያን ዕለት በአሥር ሰዓት እሳቸው እጃቸውን ሲታጠቡ ይሰማኝ ነበር። ቀጥሎ የሰማሁት የልጄን ድምፅ ነው።

«አንተ ሽማግሌ! መሳቂያ አደረግከኝ!»

ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቁትን ጋሽ ወንድይራድን «አንተ» አላቸው። ባዶ እግሬን ወጣሁ። ብሩክ ደጃፋቸው ላይ ቆሟል። ቀኝ እጁ ፌሮ ይዟል። ግራ እጁ ጨብጧል፤ በጣቶቹ መሐል የማተቡ ክር ተንጠልጥሏል።

«በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው?»

ጋሽ ወንድይራድ አዩት። የሎሚው ውሃ ገና ከጣታቸው ይንጠባጠብ ነበር። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉና በርጩማው ላይ አስቀመጡት።

«በዚህኛው።»

መታቸው።

የአጥንት ድምፅ አውቃለሁ። ሁልጊዜ ከጩኸት ጋር ነበር የምሰማው። ይሄኛው ጩኸት አልነበረውም። ጋሽ ወንድይራድ ተንበረከኩ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ቀና ብለው በዚያው በሥራ ድምፃቸው ጠየቁት።

«ንገረኝ እስቲ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?»

ብሩክ ፌሮውን ደግሞ አነሳው። በዚህኛው ሊመታ ያሰበው ጭንቅላታቸውን ነበር። መሐል ገባሁ። ፌሮው በጆሮዬ አጠገብ አልፎ የውሃውን ጄሪካን ቀደደው፤ ውሃው እግራችን ላይ ፈሰሰ። ልጄ አየኝ። ከዚያ ሮጠ።

በራቸውን ዘጋሁ። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው እጃቸውን ይመረምራሉ።

«አንጓው ወልቋል። ሁለት ጣት ተሰብሯል። ቆዳው ግን አልተቀደደም። ይሄ የኔ ነው። ቅቤውን አምጪ፣ አንቺ ትስቢያለሽ።»

«እኔ አልችልም።»

«አሥራ ስምንት ዓመት ሰምተሻል፤ ትችያለሽ። እዚህ ያዢ። አውራ ጣትሽን እዚህ። አሁን ንገሪኝ።»

«የሚናገሩት እርስዎ አይደሉ?»

«የኔን ታሪክ አውቀዋለሁ፣ አያዘናጋኝም። አንቺ ተናገሪ።»

ብዙ ማውራት አልችልበትም። እጃቸው እጄ ውስጥ ያብጥ ነበር። ስለዚህ ያለኝን ነገርኳቸው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ማተብ አንገትህ ላይ እያለ ሰው አትምታ ያልኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ልጅ እያለ። እሱም… ሰማኝና… እያወለቀ…»

ጋሽ ወንድይራድ አዩኝ። ሳቁ። ያ ሁሉ ሕመም እያለ፣ እንባቸው እየፈሰሰ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ታዛዥ ልጅ ነው እኮ!» አሉ። «አስካለ፣ ታዛዥ…»

ያን ጊዜ ሳብኩ። ጩኸታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ክንዴን ቧጨሩት፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

«ገባ» አሉ።

በቀርከሃና በሻሽ አሰርኩላቸው። ሰፈሩ ተሰበሰበ። «ጄሪካን አደናቅፎኝ ነው» አሏቸው። አንዷ የተቀደደውን ጄሪካን አየችና «ጄሪካኑስ ምን አደናቀፈው?» አለች። ማንም አልሳቀም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ «ይክሰሱት» አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት። ከሚገድልና ከሚገደል ቢታሰር ይሻለኝ ነበር።

«እከሳለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ይናገር።»

ሁለት ቀን ጠፋ። ስልኩ ዝግ ነው። ያ በፌሮ የመታው የታክሲ ረዳት ሦስት ወንድሞች እንዳሉትና ልጄን እየፈለጉት እንደሆነ ሰማሁ። አልተኛሁም፣ አልበላሁም። ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ተንበርክኬ ስማጸን «ማሪልኝ» የምለው ልጄን ይሁን እነሱን መለየት አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አራት ተራ አስከባሪዎች ተሸክመውት መጡ። ያገኙት ጦር ኃይሎች አካባቢ ነው። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ጥርሱ ወልቋል። ሸሚዙ ከደሙ ጋር ደርቋል። የቀኝ ትከሻው ወርዶ ክንዱ የሌላ ሰው ይመስል ተንጠልጥሏል። ወደ እኔ በር ሲያመጡት ጋሽ ወንድይራድ ወጡ።

«ወዲህ አስገቡት።»

አስተኙት። እሳቸው ጎንበስ ብለው የታሰረ እጃቸውን ዓይኑ ፊት አደረጉ።

«ስንት ጣት ይታይሃል?»

ብሩክ በተረፈው ዓይኑ ቆጠረ። በሻሹ ጫፍ የወጡት ያልታሰሩት ብቻ ነበሩ።

«ሦስት።»

«ጭንቅላትህ ደኅና ነው። ሁለቱን አንተ ወስደሃቸዋል።»

ከተሸከሙት አንዱ ሊስቅ ሲል አፉን ያዘ። ጋሽ ወንድይራድ በግራ እጃቸው ቅቤ አንስተው ትከሻውን ማሸት ጀመሩ። እኔን በዓይናቸው ጠሩኝ፤ ክንዱን ያዝኩ።

«ንገረኝ እስቲ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ሦስት ሆነው…»

«እነሱን አይደለም። ከመጀመሪያው።»

እጄ ሥር ደሙ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

«ማተቤን አወለቅሁ» አለ። «እርስዎ እጅዎን ዘረጉ።» «እርስዎ» አላቸው። «ከበርጩማው ያነሱታል ብዬ ነበር። ቢያነሱት እተወዋለሁ ብዬ ነበር። አላነሱትም። ከዚያ እኔ…»

ጋሽ ወንድይራድ አዩኝ። መጨረሻውን መስማት ፈልጌ ነበር። እናት ነኝ፤ ምን ሊል እንደሆነ ለማወቅ ነፍሴን እሰጥ ነበር። ግን የመሳቢያው ጊዜ ያ ነበር። ሳብኩ። ጩኸቱ በግድግዳው አልፎ ባዶ ቤቴ ውስጥ ሲገባ ሰማሁት።

«ገባ» አሉ እሳቸው።

መጨረሻውን እስከዛሬ አልጠየቅኩትም።

አልከሰሱትም። ይልቁንም በአንገታቸው ላይ በታሰረ እጃቸው ሽማግሌ ሆነው ረዳቱ ቤት ሄዱ፤ ብሩክንም አስከተሉት። የረዳቱም ቀኝ እጅ ገና እሳቸው እንዳሰሩት ነበር። የብሩክም እንደዚያው። ዕርቁ ሲያልቅ ሦስቱም ግራ እጃቸውን ዘርግተው ተጨባበጡ። ከወንድሞቹ አንዱ «በመሐላችን አንድ ሙሉ ሰው እንኳ የለም» አለና ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ተመስገን።

ብሎጉ ላይ ግን ስለዚያ ቀን ምንም አልወጣም። አንባቢዎቹ «ጋሼ የት ጠፉ?» ሲሉ «የተሰበረ የለም» ብለው መለሱ። እጃቸው እንደ ድሮው አልሆነም። ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም፤ በግራ እጃቸው መጻፍ ለመዱ። ትርፍ ቃል የሚባል ነገር ከዚያ ወዲህ ጨርሶ ጠፋ። ልብስ መቀየሩን ግን አልተዉም፤ እንዲያውም ማተብ ያለውን ሁሉ ያለ ማተብ ይጽፉት ነበር።

በሰልስቱ ማግስት ሰናይት መጣች። የጋሽ ወንድይራድን ስልክ ይዛለች።

«እትዬ አስካለ፣ ያልለጠፉት አንድ ረቂቅ አለ» አለችኝ። «ጽፈው የተዉት ይሄን ብቻ ነው።»

አነበብኩት። የዚያ ዕለት ጽሑፍ ነው። በርጩማው፣ ፌሮው፣ ጄሪካኑ፣ እኔ። ሹራቡ ቀይ አይደለም፣ አረንጓዴ አይደለም፤ ጥቁር ነው። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦

«ይህን አልለጥፈውም። ‹ተመስገን› የምትለው አንባቢዬ በግድግዳ ማዶ ናት። እሷ ከፈለገች ትጨርሰው።»

ሰናይት «ልለጥፈው?» አለችኝ።

«አይሆንም። እኔ እጽፈዋለሁ» አልኳት።

አምስት ፊደል ብቻ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚያ ነው። እዚህ ብሎጋቸው ላይ ከመውጣቱ በፊት ለብሩክ አስነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ስምህንና ልብስህን ልቀይረው አልኩት።

«አትቀይሪው እማዬ» አለ።

የእሳቸውን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ በዚያው በቀኝ ትከሻው። ዛሬ ጠዋት ወደ ማዞሪያው ሊወጣ ሲል ማተቡ አንገቱ ላይ ነበር። በሩ ላይ አቆምኩት። ያኔ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ፣ ልለው ይገባ የነበረውን አልኩት።

«ሰው አትምታ።»

ስለ ማተቡ ምንም አልጨመርኩም።